በአካል ጉዳት ወንጀል መከሰስና ጠበቃ መያዝ፦ በቢቸናና በሞጣ ለሚኖር ተከሳሽና ለቤተሰቡ የተዘጋጀ መመሪያ

የእርሻ ድንበር ሲገፋ፣ ከብት የሰው ሰብል ሲገባ፣ የውርስ መሬት ሲከፋፈል ወይም በአረቄ ቤት የተጀመረ የቃላት ልውውጥ ወደ ዱላ ሲሸጋገር በምሥራቅ ጎጃም የሚከተለው ነገር በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ አንደኛው ወገን ወደ ጤና ተቋም፣ ሌላው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይወሰዳል፤ የሁለቱም ዘመዶች ደግሞ ነገሩ በሽማግሌ ሊያልቅ ይችል እንደሆነ መምከር ይጀምራሉ። በዚህ መካከል የተጠርጣሪው ቤተሰብ አብዝቶ የሚጠይቀው ስንት ዓመት እንደሚፈረድበት ነው። ሊቀድም የሚገባው ጥያቄ ግን የተጠቀሰበት አንቀጽ ስንት እንደሆነ ነው፤ ምክንያቱም የዋስትናው ዕድል፣ የእርቁ ውጤት፣ የቅጣቱ ጣሪያና ለጠበቃ የሚወጣው ገንዘብ ልክ ሁሉ ከዚያ ቁጥር ይመነጫሉ። ይህ መመሪያም የተዘጋጀው የእነማይ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በቢቸናና የሁለት እጁ እነሴ ማእከል በሆነችው በሞጣ የሚኖር ተጠርጣሪ ወይም የእርሱ ቤተሰብ ከዚያ ቁጥር ተነሥቶ እስከ ይግባኝ ያለውን መንገድ በቅደም ተከተል እንዲያውቀው ነው።

አንደኛ፦ የተጠቀሰውን አንቀጽ ማወቅ

የአካል ጉዳት ወንጀል የሚዳኘው በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው የወንጀል ሕግ ሲሆን፣ ይህ ሕግ የ1949 ዓ.ም.ን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተካ ነው። ሕጉ ለመላ አገሪቱ አንድ በመሆኑ በሞጣ የተፈጸመ ድርጊትና በአዲስ አበባ የተፈጸመ ድርጊት በአንድ ድንጋጌ ይመዘናሉ፤ የሚለያየው ጉዳዩን የሚያየው ፍርድ ቤት፣ ክሱን የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግና ጠበቃው ፈቃድ ያገኘበት መሥሪያ ቤት ነው።

ሕጉ በሰው አካልና ጤና ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን ማስተናገድ የሚጀምረው ከአንቀጽ 553 ሲሆን፣ በተግባር ግን የተከሳሹ ዕጣ የሚወሰነው በሦስት አንቀጾች መካከል ነው። ከሁሉ የሚከብደው አንቀጽ 555 ነው። ይህ አንቀጽ ታስቦ የሚፈጸም ከባድ የአካል ጉዳትን የሚመለከት ሲሆን፣ የተጎጂውን ሕይወት ለአደጋ ያጋለጠ ወይም አካላዊ ወይም አእምሯዊ ጤንነቱን ለዘለቄታው የጎዳ፣ ዋና የሆነ የአካል ክፍሉን ያጎደለ ወይም ከጥቅም ውጭ ያደረገ፣ መልኩን በግልጽ በሚታይና በሚያሰቅቅ ሁኔታ ያበላሸ፣ ወይም በሌላ መንገድ ከባድ የሆነ ጉዳት ወይም በሽታ ያደረሰ ሰው እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ወይም ከ1 ዓመት በማያንስ ቀላል እስራት እንዲቀጣ ያዛል። ጽኑ እስራት በመደበኛው ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት የሚዘልቅና ለከባድ ወንጀሎች የተመደበ የእስራት ዓይነት ሲሆን፣ ቀላል እስራት ደግሞ በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት የሚደርስ ነው። አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር በአንቀጽ 555 ዳኛው ከ1 ዓመት ቀላል እስራት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ባለው እጅግ ሰፊ ርቀት ውስጥ የመወሰን ሥልጣን ያለው መሆኑ ነው፤ የጠበቃ ሥራ ዋጋ የሚያገኘውም በአብዛኛው በዚህ ርቀት ውስጥ ነው።

ከእርሱ ቀለል የሚለው አንቀጽ 556 ራሱ ሁለት ፊት አለው። በንዑስ አንቀጽ 1 የሚወድቀው፣ ማለትም ከባድ ያልሆነ ጉዳት ያለ መሣሪያ ያደረሰ ሰው፣ የሚከሰሰው ተበዳዩ አቤቱታ ሲያቀርብ ብቻ ሲሆን ቅጣቱም ከ1 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ጉዳቱ የደረሰው በመርዝ፣ በገዳይ መሣሪያ ወይም ሰውን ለመጉዳት በሚችል ሌላ ነገር ከሆነ፣ ወይም ተበዳዩ ደካማ፣ በሽተኛ ወይም ራሱን መከላከል የማይችል ከሆነ፣ ወይም ጉዳት አድራሹ የተጣለበትን የሙያ ወይም ሌላ ግዴታ ጥሶ ከሆነ ግን ነገሩ ወደ ንዑስ አንቀጽ 2 ይሻገርና ቅጣቱ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ተበዳዩ ይቅር ቢል እንኳ የክሱ ባለቤት መንግሥት ነው። በገጠር ጠብ እጅ ላይ የሚገኘው ነገር ዱላ፣ ድንጋይ፣ ገጀራ ወይም መጥረቢያ በመሆኑ፣ በቡጢ ተጀምሮ በቡጢ ያለቀ ጠብ ካልሆነ በቀር ክሱ ወደ ንዑስ አንቀጽ 2 የማዘንበሉ ነገር የሚያስደንቅ አይደለም።

ሦስተኛው አንቀጽ 560 ሲሆን ሕጉ የእጅ እልፊት ይለዋል። ይህ ማለት አንድ ሰው ሌላውን ቢመታም ወይም ቢገፋም በአካሉም ሆነ በጤናው ላይ ጉዳት ሳያደርስ ሲቀር ነው። የቅጣቱ ልክ ከ300 ብር የማይበልጥ መቀጮ፣ ከፍ ካለ ደግሞ ከ3 ወር የማይበልጥ ቀላል እስራት ሲሆን፣ የሚያስከስሰውም በአቤቱታ ብቻ ነው። የዚህ አንቀጽ ትልቁ ነጥብ ሰንበር፣ እብጠትና ቶሎ የሚያልፍ ሕመም እንደ አካል ጉዳት እንደማይቆጠሩ በግልጽ መደንገጉ ነው። በመሆኑም ተበዳዩ ላይ የታየው ሰንበርና እብጠት ብቻ ሆኖ ሳለ ተከሳሹ በአንቀጽ 556 ከተከሰሰ፣ የመጀመሪያው የመከላከያ ነጥብ አንቀጹ ያለ ቦታው መጠቀሱ ይሆናል።

ከነዚህ ሌላ ጉዳቱ የደረሰው ሳይታሰብ በቸልተኝነት ከሆነ አንቀጽ 559፣ ተከሳሹ በድንገት ከባድ በሆነ ቁጣ ማነሣሻ ተገፋፍቶ ወይም ራሱን ሲከላከል ከልክ አልፎ ከሆነ ቅጣቱን ቀለል የሚያደርገው አንቀጽ 557 ሊነሡ ይችላሉ። ድርጊቱ በትዳር ጓደኛ ላይ የተፈጸመ እንደሆነ አንቀጽ 564 ተመሳሳዮቹን ድንጋጌዎች ተፈጻሚ ያደርጋቸዋል፤ «የቤታችን ጉዳይ ነው» የሚለው አነጋገር በችሎት ፊት ከቶ መከላከያ ሆኖ አያገለግልም። ጠቡ በቡድን የተደረገ ከሆነ ደግሞ በክሱ ላይ አንቀጽ 32 ተደርቦ ይታያል፤ ይህም ዋና ወንጀል አድራጊነትንና በአንድ ሐሳብ ሆኖ በጋራ ማድረግን የሚመለከት ስለሆነ፣ ዱላ ያነሣውንም ቆሞ ያገዘውንም በአንድ ክስ ሊያገናኝ ይችላል።

ከሁሉ የሚያስፈራው መሻገሪያ ግን ከአካል ጉዳት ወደ ግድያ ሙከራ ያለው ነው። የግድያ ሙከራ የሚባለው አንድ ሰው ሌላውን ለመግደል አስቦ ድርጊቱን ጀምሮ ውጤቱ ሳይደርስ ሲቀር ሲሆን፣ ተራ የሰው ግድያን የሚመለከተው አንቀጽ 540 የሚያስቀጣው ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት በመሆኑ፣ ከሙከራ አንቀጽ ጋር ተጣምሮ ሲጠቀስ ክሱ በአንድ ጊዜ ይከብዳል። ቁስሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ሐሳቡ ሁለት ዓይነት ሊሆን ስለሚችል፣ ፍርድ ቤቱ የመግደል ሐሳብ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን የሚረዳው ከዙሪያው ሁኔታ ነው፤ ምን ዓይነት መሣሪያ ነበር፣ ያረፈው አንገትና ጭንቅላት ላይ ነው ወይስ እግር ላይ፣ ስንት ጊዜ ተመታ፣ ከመምታቱ በፊት የተባለ ነገር አለ፣ ተበዳዩ ከወደቀ በኋላ ምቱ ቀጠለ ወይስ አቆመ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ በምስክር አንደበት ይመለሳሉ። ጉዳት የደረሰበት ሰው በሕክምና ላይ ሳለ ከሞተም ክሱ ተለውጦ ወደ ሰው ግድያ ሊሸጋገር ይችላል፤ ቤተሰቡ ስለ ተበዳዩ ጤንነት ደጋግሞ መጠየቅ ያለበት ስለዚህም ጭምር ነው።

ሁለተኛ፦ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 እንደሚደነግገው፣ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው፣ ላለመናገር መብት እንዳለውና የሚናገረው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል ሊገለጽለት፣ እንዲሁም ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ሊቀርብ ይገባል። በግዳጅ የተገኘ የእምነት ቃልም ተቀባይነት የለውም። ከሩቅ ቀበሌ የተያዘ ሰው እነዚህ ሰዓታት ሊረዝሙበት ስለሚችሉ፣ ቤተሰቡ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት በወረቀት መዝግቦ መያዝ ይኖርበታል፤ ይህች ትንሽ ማስታወሻ በኋላ ለጠበቃው መነሻ ትሆነዋለች።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልገው ለፖሊስ የሚሰጠው ቃል ነው። ተጠርጣሪው ጠበቃ እስኪያማክር ድረስ ስለ ድርጊቱ ላለመናገር ይችላል፤ ይህን ማድረጉ በሕግ ፊት ጥፋተኛ አያሰኘውም። ከተናገረም ቃሉ እርሱ በተናገረው መጠን መጻፉን አረጋግጦ መፈረም አለበት፤ ማንበብ የማይችል ሰው የጣት አሻራውን ከማኖሩ በፊት ጽሑፉ እንዲነበብለት መጠየቅ መብቱ ነው። «መታሁት፣ ግን እሱ ጀምሮኝ ነው» ብሎ የተናገረ ሰው ወረቀቱ ላይ «መታሁት» የሚለው ብቻ ከተጻፈበት፣ ራሱን ለመከላከል አስቦ ያደረገውን ነገር በገዛ ፊርማው ወደ እምነት ቃል ይለውጠዋል።

ፖሊስ ምርመራውን ሳያጠናቅቅ ተጠርጣሪውን በእስር ለማቆየት ሲፈልግ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 59 አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይገድባል። በእያንዳንዱ ቀጠሮ ላይ ተጠርጣሪው ፖሊስ ባለፉት ቀናት ምን እንደሠራና ምን እንደቀረው እንዲያስረዳ መጠየቅ ይችላል፤ ያልተጠየቀ ፖሊስ በራሱ ፈቃድ አያብራራም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 የተያዘ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት እንዳለው ስለሚደነግግ፣ ምግብ ይዞ የሄደ ዘመድም ሆነ ጠበቃ ያለ በቂ ምክንያት ሊመለስ አይገባም።

ሦስተኛ፦ የሐኪም ማስረጃ

በአካል ጉዳት ክስ የሐኪም ማስረጃ ከሁሉ የከበደ ወረቀት ነው፤ የምስክሮች ቃል ማን መታ የሚለውን ሲያረጋግጥ፣ ክሱ በ555 ወይም በ556 ወይም በ560 ሥር መውደቁን የሚወስነው በአብዛኛው ሐኪሙ የጻፈው ነው። ተበዳዩ በቢቸና ወይም በሞጣ ጤና ተቋም ከታየ በኋላ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ተልኮ ሊሆን ስለሚችል፣ አንድ ተበዳይ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሕክምና ወረቀት ሊኖረው ይችላል፤ ሁለቱ ወረቀቶች የማይስማሙ ከሆነም ልዩነታቸው ራሱ የመከላከያ ፍሬ ነገር ነው።

ወረቀቱን የሚመረምር ሰው አራት ነገሮችን ማየት ይጠቅመዋል። አንደኛው ምርመራው ከጠቡ ስንት ቀን በኋላ እንደተደረገ ነው፤ ዘግይቶ የተደረገ ምርመራ ጉዳቱ ከሌላ ምክንያት የመጣ ሊሆን ይችላል የሚል ጥያቄ ያስነሣል። ሁለተኛው የቁስሉ ዓይነት ነው፤ በስለት የተቆረጠ ቁስልና በድፍን ነገር የተፈነከተ ቁስል አንድ አይደሉም፤ ተከሳሹ ዱላ ይዞ ነበር ተብሎ ወረቀቱ ስለት የሚያሳይ ከሆነ የምስክሮቹ ቃል ሊጠየቅበት ይገባል። ሦስተኛው የአጥንት ስብራት ሲጻፍ በራጅ የተረጋገጠ መሆን አለመሆኑ ነው። አራተኛውና ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ጉዳቱ ዘለቄታዊ ነው የሚለው ድምዳሜ መቼ እንደተሰጠ ነው፤ ተበዳዩ ገና በሕክምና ላይ ሳለ «አካሉ ጎድሏል» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ሕክምናው ካለቀ በኋላ እንደገና ሊመረመር የሚገባው ነው። ሕጉም የጉዳቱ ዓይነትና መጠን አጠራጣሪ ሲሆን የባለሙያ አስተያየት እንዲወሰድ ስለሚፈቅድ፣ ጠበቃው ሐኪሙ ችሎት ቀርቦ እንዲያስረዳ ሊጠይቅ ይችላል።

ተከሳሹ ራሱ በጠቡ ተጎድቶ ከሆነ ሳይውል ሳያድር መታከምና የራሱን ማስረጃ ማውጣት አለበት። ራስን በሕጋዊ መንገድ የመከላከል መብት የሚገኘው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሲሆን፣ ይህን የሚያነሣ ሰው ሕገ ወጥ ጥቃት እንደደረሰበት ወይም በቅርብ ሊደርስበት እንደነበረ፣ ከመከላከል ሌላ ማምለጫ እንዳልነበረውና የወሰደው እርምጃ ከጥቃቱ ጋር ተመጣጣኝ እንደሆነ ማሳየት ይጠበቅበታል፤ በክንዱ ላይ ያለ ሰንበር ያለ ሐኪም ወረቀት ከአንድ ወር በኋላ የሚያሳየው ነገር የለም።

አራተኛ፦ ዋስትና

ዋስትና ማለት ተጠርጣሪው ሲጠራ እንደሚቀርብ በገንዘብ ወይም በሰው አረጋግጦ ከእስር የሚወጣበት መንገድ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ዋስትናን ከሁለት ነገሮች ጋር ያያይዘዋል፤ አንደኛው ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ መሆን አለመሆኑ፣ ሁለተኛው ተበዳዩ የሚሞት መሆን አለመሆኑ ነው። የአንቀጽ 555 የቅጣት ጣሪያ በትክክል 15 ዓመት በመሆኑ በዚህ አንቀጽ የተያዘ ሰው ዋስትና ክርክር የሚነሣበት ጉዳይ ሲሆን፣ ክርክሩ የሚዞረው በአብዛኛው ተበዳዩ ከአደጋ ወጥቷል ወይስ አልወጣም በሚለው ላይ ነው። ተበዳዩ ድኖ ከሆስፒታል ከወጣ፣ ያንን የሚያሳይ የሕክምና ደብዳቤ ከዘመዶች ልመና ሁሉ ይበልጣል። በአንቀጽ 556 እና 560 የተያዘ ሰው ግን የዋስትና መብቱ ይህን ያህል አያከራክርም።

ዋስትና በሌላ ምክንያትም ሊከለከል ይችላል፤ አንቀጽ 67 ተጠርጣሪው ቀጠሮ የማያከብር፣ ሌላ ወንጀል የሚፈጽም ወይም ምስክሮችን የሚያባብል መሆኑ ከተገመተ እንዲከለከል ይፈቅዳል። በመሆኑም የተጠርጣሪው ዘመዶች ወደ ተበዳዩ ቤት ሄደው መዛታቸው ለተጠርጣሪው ይጠቅማል ብለው ካሰቡ ተሳስተዋል፤ ዳኛው ዋስትና የሚከለክልበትን ምክንያት በራሳቸው እጅ እየሰጡት ነው። ዋስትናው ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል።

አምስተኛ፦ ጠበቃ መምረጥ

በፍርድ ቤት አጥር ዙሪያ ሦስት ዓይነት ሰዎች ይገኛሉ። ማመልከቻ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ ጠቃሚ ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን ለተከሳሹ ቆሞ የመከራከር ሥልጣን የለውም። ዳኛውን ወይም ዐቃቤ ሕጉን አውቀዋለሁ፣ ትንሽ ገንዘብ ስጡኝና ጉዳዩን አስጨርሳለሁ የሚለው ጉዳይ ገዳይ ደግሞ ሊጠነቀቁት የሚገባ ሰው ነው፤ በእርሱ በኩል የተከፈለ ጉቦ የሰጪውንም ሆነ የተቀባዩን ወንጀል ይጨምራል እንጂ አንቀጹን አይቀይርም። ጠበቃ የሚባለው የሕግ ትምህርት ተምሮ የጥብቅና ፈቃድ ያገኘ ሰው ሲሆን፣ በአማራ ክልል ፍርድ ቤቶች የሚቆም ጠበቃ ፈቃድ የሚያገኘው ከክልሉ ፍትሕ ቢሮ ነው። ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን ማየት ሰውየውን መጠራጠር አይደለም፤ ሥራውን የሚያከብር ጠበቃ ሳይጠየቅም ያሳያል።

ቢቸናና ሞጣ የቆሙት ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው መንገድ ላይ ሲሆን፣ የዞኑ ዋና ከተማ ደብረ ማርቆስ ደግሞ በሌላኛው የመንገድ መስመር ላይ ነው። ይህ የመልክዐ ምድር ነገር ለጠበቃ ምርጫ ያገባዋል፤ ከከተማው ውጭ የሚመጣ ጠበቃ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ የጉዞና የአዳር ወጪ ይጠይቃል፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ከተቀሰቀሰው ግጭት ወዲህ መንገድ በሚዘጋበትና ችሎት በሚቋረጥበት ጊዜም ሩቅ ያለ ጠበቃ ቀጠሮ ላይ ላይገኝ ይችላል። በሌላ በኩል ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለው ጠበቃ የተበዳዩ ዘመድ፣ ክርስትና አባት ወይም በሌላ የመሬት ክርክር የተበዳዩ ጠበቃ ሊሆን ይችላል፤ ቤተሰቡ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ይህን በግልጽ መጠየቅ አለበት። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ክስ ሲቀርቡም አንድ ጠበቃ መያዙ ወጪ ይቀንሳል፤ ነገር ግን አንዱ «እኔ አልመታሁም፣ የመታው እሱ ነው» ማለት የሚጠቅመው ከሆነ ሁለቱን በአንድ ጠበቃ ማስቆም ለአንዱ መጥፋት ሊሆን ይችላል።

ጥሩውን ጠበቃ ከሌላው መለየት የሚቻለው ስለ አንቀጹ በሚሰጠው መልስ ነው። ክሱንና የሐኪም ማስረጃውን ሳያነብ «አስፈታዋለሁ» የሚል ሰው ሊታመን አይገባም፤ ወረቀቱን ካነበበ በኋላ አንቀጹ ለምን እንደተጠቀሰ፣ ወደ ታች ሊወርድ የሚችልበት መንገድ መኖር አለመኖሩን፣ ከዐቃቤ ሕግ ምስክሮች የትኛው ሊጠየቅ እንደሚችልና የመከላከያ ምስክር ሊሆን የሚችለው ማን እንደሆነ የሚያስረዳ ግን ሥራውን ያውቃል። የክፍያው መጠን፣ መቼ እንደሚከፈል፣ ለስንት ችሎት እንደሆነ፣ ይግባኝን ያካትት አያካትት በጽሑፍ ውል መቀመጥ ይኖርበታል፤ «በኋላ እንነጋገራለን» የሚል ስምምነት የመጨረሻው ክርክር የሚደረገው በጠበቃና በደንበኛ መካከል እንዲሆን ያደርጋል።

መክፈል ለማይችል ተከሳሽ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 ጠበቃ ማቆም ባለመቻሉ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ በመንግሥት ወጪ ተከላካይ ጠበቃ እንዲያገኝ መብት ሰጥቶታል። መብቱ ግን ካልተጠየቀ ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ ስለዚህ ተከሳሹ በመጀመሪያው ችሎት አቅም እንደሌለው ለዳኛው በቃል ማመልከት፣ ከተቻለም ከቀበሌው የድህነት ማረጋገጫ ማቅረብ አለበት። ከዚህ ሌላ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አለው፤ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ምክርና ድጋፍ ይሰጣል። በቅርብ ወረዳ የሚገኘውን የነፃ ድጋፍ አገልግሎት ለማወቅ የፍርድ ቤቱን ሬጅስትራር መጠየቅ ይበቃል።

ጠበቃ መያዝ ተከሳሹን ከችሎት አያስቀረውም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 127 ተከሳሹ ራሱ እንዲቀርብና ጠበቃውም ከእርሱ ጋር እንዲቆም ስለሚያዝ፣ ጠበቃዬ አለ ብሎ በእርሻ ሥራ ላይ የቀረ ተከሳሽ ዋስትናው ሊሰረዝበትና በፖሊስ ሊያዝ ይችላል።

ስድስተኛ፦ ክሱ ሲነበብና ማስረጃ ሲሰማ

ዐቃቤ ሕግ የምርመራ መዝገቡ ከደረሰው በኋላ በ15 ቀን ውስጥ ክስ እንዲያቀርብ የሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 109 ያዛል። ተከሳሹ የክሱን ጽሑፍ ሲቀበል ቀኑ፣ ቦታው፣ ድርጊቱና አንቀጹ በትክክል መጻፋቸውን ከጠበቃው ጋር ያያል፤ ክሱ ግልጽ ካልሆነ ወይም አንቀጹ ከተገለጸው ድርጊት ጋር ካልተጣጣመ የክስ መቃወሚያ የሚቀርበው በዚህ ጊዜ ነው፤ ካለፈ በኋላ ማንሣቱ ይከብዳል።

ከዚያ ዳኛው ድርጊቱን ፈጽሟል ወይስ አልፈጸመም ብሎ ይጠይቀዋል። ብዙ ተከሳሽ የሚጎዳው በዚህ ደቂቃ ነው፤ የገጠር ሰው ሐሰት መናገርን ስለሚጠላ «አዎ፣ መትቼዋለሁ» ብሎ ይመልሳል፤ ምክንያቱን ግን ሳይናገር ይቀራል። ያለ አንዳች ገደብ የተሰጠ እምነት በአንቀጽ 134 መሠረት ወዲያው የጥፋተኝነት ፍርድ ሊያስከትል ይችላል። ድርጊቱን የፈጸመ ነገር ግን ራሱን የተከላከለ ሰው ሁለቱንም በአንድ ላይ መናገር አለበት፤ «ድርጊቱን ፈጽሜያለሁ፣ ጥፋተኛ ግን አይደለሁም፤ ሊመታኝ ሲመጣ ራሴን ለመከላከል ነው» የሚል መልስ በአንቀጽ 133 መሠረት እንደ ክህደት ተመዝግቦ ክርክሩ ይቀጥላል። ይህ እውነቱን መካድ አይደለም፤ እውነቱን በሙሉ መናገር ነው።

ክህደት ከተመዘገበ በኋላ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ይሰማሉ። የተሰማው ማስረጃ ክሱን የማያስረዳ ከሆነ ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 141 ተከሳሹን መከላከያ ሳያስፈልገው በነፃ ያሰናብታል፤ ካልሆነ «ተከላከል» የሚል ብይን ይሰጥና የተከሳሹ ምስክሮች ይሰማሉ። መከላከያ ምስክር ሲቆጠር የተከሳሹ ወንድምና አጎት ብቻ እንዳይሆን መጣር ይገባል፤ ከሁለቱም ወገን ጋር ዝምድና የሌለው በቦታው የነበረ ሰው ከአምስት ዘመድ ይበልጣል። ምስክር ምን እንደሚል ማስጠናት ወይም በገንዘብ መያዝ በራሱ ወንጀል ከመሆኑም በላይ፣ የሁለት ምስክሮች ቃል በአንድ ዓይነት ቃላት ሲወጣ ዳኛ ወዲያው ያውቀዋል።

ሰባተኛ፦ እርቅ፣ ካሳና ፍርድ

ሽምግልና በዚህ አካባቢ ከፍርድ ቤት የቀደመ ተቋም ነው፤ ነገር ግን በአካል ጉዳት ክስ ውስጥ ያለው ኃይል እንደ አንቀጹ ይለያያል። በአቤቱታ ብቻ በሚያስከስሱት በአንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 1 እና በአንቀጽ 560 ጉዳዮች ተበዳዩ አቤቱታውን ካነሣ ክሱ ሊቋረጥ ይችላል፤ ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ ካላመለከተም መብቱ ይቀራል። በአንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 2 እና በአንቀጽ 555 ግን እርቅ ክሱን አያቆምም፤ ቅጣት ሲወሰን የማቅለያ ምክንያት ይሆናል እንጂ። «ታርቀናል፣ ጉዳዩ አልቋል» ብሎ ቀጠሮ የቀረ ሰው ይህን ልዩነት ሳያውቅ የሚታሰር ነው። እርቁ የተፈጸመበት ቀን፣ የተከፈለው ካሳና የሽማግሌዎቹ ስም በጽሑፍ ተቀምጦ መፈረሙ ለሁለቱም ወገን ይበጃል፤ በሌላ በኩል ተበዳዩ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ለሕክምናና ለሥራ ማጣት ካሳ በተለየ ክስ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ በእርቁ ወረቀት ላይ የካሳው ጥያቄ ማለቅ አለማለቁ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል።

ጥፋተኛ የተባለ ሰው ቅጣት ከመወሰኑ በፊት የማቅለያ ምክንያቱን የማቅረብ ዕድል ይሰጠዋል። ከዚያ በፊት ያልተከሰሰ መሆኑ፣ መጸጸቱና ተበዳዩን መካሱ፣ በተበዳዩ ተነካክቶ መነሣሣቱ፣ የሚያስተዳድረው ቤተሰብ መኖሩ ሁሉ በጽሑፍ ከማስረጃ ጋር መቅረብ አለባቸው፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያወጣው የተሻሻለው የወንጀል ቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 ማቅለያና ማክበጃ ምክንያቶችን በደረጃ ስለሚያስቀምጥ፣ ጠበቃው በመመሪያው ላይ ተመሥርቶ ከተናገረ ቁጥሩ የት ሊያርፍ እንደሚችል ከወዲሁ ማስላት ይችላል።

በፍርዱ ያልተስማማ ተከሳሽ የይግባኝ ማስታወቂያውን ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ያስገባል፤ የይግባኝ ማመልከቻውንም የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰው ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ያቀርባል። ጊዜው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ያለፈበት ሰው ምክንያቱን አስረድቶ ይግባኙ እንዲፈቀድለት ማመልከት ይችላል።